ጀበናው እስኪፈላ

ለጎልማሶች ትምህርት በሬዲዮ የተነገረ፤ ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የቀረበ

 

እንደምን አደራችሁ ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብለን እንመልሳለን። መልሱ መልካም ነው። ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምርበት። ከመደባችሁ ከተነሣችሁ ጀምሮ እስከዚህች ሰዓት ድረስ ምን ስትሠሩ ቆያችሁ? ስንት ጊዜ ሮጣችሁ? ስንት ጊዜ ልጅ ላይ ጮኻችሁ? ለአፍታ ቁጭ ያላችሁበት ጊዜስ ነበረ?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጠዋት ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ጠዋቱን እንዴት አድርጎ በርጋታ ይጀምር? ይህን እንነጋገራለን።

ይህን ጽሑፍ በጣታችሁ እየተከተላችሁ የምታነቡ አንባቢዎች ሆይ፣ እናንተም አትቸኩሉ። ከደከማችሁ የደረሳችሁበት ላይ ምልክት አድርጉና አቁሙ። ነገ ጠዋት ትቀጥላላችሁ። ለምን ጠዋት እንዳልኩ ወደ ኋላ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከደባርቅ ከተማ ወጥተን ወደ ሳንቃበር ስንሄድ ቡይት ራስ የሚባል ቦታ አለ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከጎኑ ገደል ነው። ወደ ታች ቢያዩት ዓይን ያዞራል። በዚያ ገደል ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ያድራሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በሌላ አገር አይገኝም። ሌሊቱን ነብርና ጅብ እንዳይደርስባቸው በገደሉ እርከን ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ። ሲነጋ ወደ አፋፉ ይወጣሉ።

ታዲያ እንደ ወጡ ምን የሚያደርጉ ይመስላችኋል? ወዲያው ሣር መንጨት አይጀምሩም። አስቀድመው ፀሐይ ላይ ቁጭ ይላሉ። ውርጩ ያደረቀውን ገላቸውን ያሞቃሉ። እናት የልጇን ጸጉር ትፈትሻለች። አንዱ የሌላውን ጀርባ ያክካል። ብዙ ጊዜ ወስደው እንዲህ ከቆዩ በኋላ ነው ለግጦሽ የሚበተኑት። ከዚያ በኋላማ ቀኑን ሙሉ ሲነጩ ይውላሉ። ምግባቸው ሣር ስለሆነ ብዙ ካልበሉ አይጠግቡም። ሥራ የበዛባቸው ናቸው ማለት ነው። ቢሆንም ጠዋታቸውን አያጣድፉም።

«ዝንጀሮ ገብሳችንን ትጨርሳለች እንጂ ምን ታስተምረናለች?» የሚል ገበሬ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ገብሱን የተበላበት ሰው ዝንጀሮን ማመስገን ይከብደዋል። እኔም ዝንጀሮ ሁኑ አላልኩም። እንዲያው ብርዱ አንድ ነው፤ ንጋቱም አንድ ነው ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ሰው ቤት እንግባ። እስቲ በዳባት ወይም በደባርቅ ዙሪያ ከሚገኙት ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር አንዲት እናት በዓይነ ሕሊናችን እንይ። ስም አንሰጣትም። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ከእናንተም መካከል «እኔው ነኝ» የምትል ትኖራለች።

ዶሮ ሲጮኽ ትነሣለች። እሳቱ ጠፍቷል። እሳት ለመለመን ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ስትመለስ ሕፃኑ ነቅቶ ያለቅሳል። ጀሪካኑን ስታነሣ ባዶ ነው። ውኃ ለመቅዳት ወደ ምንጭ ትወርዳለች። እዚያ ወረፋ አለ። ስትመለስ ላሚቱ ሳትታለብ ቆይታለች። አዛባው አልተጠረገም። ባለቤቷ በሬዎቹን እየፈታ «ቁርስ የታለ?» ይላል። ትልቁ ልጅ «እማዬ፣ ደብተሬን አየሽው?» ይላል። ደብተሩ አይገኝም። ትቆጣለች። ልጁ ቁርስ ሳይበላ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ እያለቀሰ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እሷም እየሮጠች ወተቱን ታፈሳለች። ሰው ሁሉ ከቤት ከወጣ በኋላ መደቡ ላይ ዘፍ ትላለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ገና 2 ሰዓት ነው። ቀኑ ገና አልተጀመረም፤ እሷ ግን አልቃለች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ይህ ነው። ግን ጥፋቱ የማን ነው? ይህች እናት ሰነፍ ናት? አይደለችም። በቤቱ ከእሷ ቀድሞ የተነሣ የለም። ችግሯ ጠዋቱ በእጇ አለመሆኑ ነው። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ይጎትታታል። ጠዋቱ የሁሉም ነው፤ የእሷ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? «ተረጋጊ» ብሎ መምከር ይቀላል። ውኃ የሌለበት ጀሪካን ግን በምክር አይሞላም። ስለዚህ ከምክሩ በፊት ወደ ሥራው እንሂድ።

ደባርቅ ውስጥ ለጎብኚ ጭነት የሚያመላልሱ ባለበቅሎዎች አሉ። ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅ ይወጣሉ። ከእነሱ አንዱን ጠይቁ። በቅሎ በችኮላ ከተጫነች ምን ይሆናል? ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ዳገቱ መካከል ይዞራል። ያን ጊዜ በጠባብ መንገድ፣ ገደል አጠገብ ቆሞ መጫኛ ፈትቶ እንደገና መጫን ነው። ከመነሻው ላይ ትንሽ ጊዜ ወስዶ ሁለቱን ጎን ያመዛዘነ ሰው ግን ካሰበበት ይደርሳል። የጠዋትም ነገር እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ጠዋት የሚጫነው ማታ መሆኑ ነው።

አዎ፣ ማታ። የረጋ ጠዋት የሚሠራው ማታ ነው። እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። እሳት ማዳፈን ምን ማለት ነው? ማታ ፍሙን በአመድ ሸፍኖ ማሳደር ነው። ሲነጋ አመዱ ይገለጣል፤ ፍሙ ይገኛል። ጭራሮ ጣል ሲደረግበት እሳት ይሆናል። ክብሪት ከገባ ወዲህ ይህ ልማድ በብዙ ቤት ቀርቷል። ክብሪቱ ያለቀ ዕለት ግን እሳት ልመና እንዞራለን። የምታዳፍኑት ሰው በማይተኛበት በማድ ቤት ምድጃ ውስጥ ይሁን። ደግሞ እግረ መንገዴን ላሳስባችሁ። ለብርድ ብላችሁ የከሰል እሳት ቤት ውስጥ አስገብታችሁ፣ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። ከፍሙ የሚወጣው አየር ሽታ የለውም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል።

ማታ ከሚሠሩት ሥራዎች ሌላው ውኃ ነው። ጀሪካኑ ማታ ሞልቶ ይደር። የልጆች ደብተር ማታ ተሰብስቦ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ በሩ አጠገብ ባለ ችካል ላይ በዘንቢል ይንጠልጠል። ባቄላ ወይም አተር የምትቀቅሉ ከሆነ ማታ በውኃ ዘፍዝፉት። ይህ በተለይ ለእኛ ለደገኞች ይጠቅማል። ለምን ቢባል፣ ውኃ በባሕር ዳርቻ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። እንደ ደባርቅ ባለ ከፍ ያለ ቦታ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሚንፈቀፈቅ ውኃ ሁሉ እኩል ትኩስ አይደለም ማለት ነው። ባቄላው አልበስል ብሎ እንጨት የሚጨርሰው በዚህ ምክንያት ነው። የተዘፈዘፈ ባቄላ ቶሎ ይበስላል። ጊዜም እንጨትም ይተርፋል።

ለቁርስማ በሶ አለልን! የገብስ አገር ሰው ስለ ቁርስ መጨነቅ አይገባውም ነበር። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በቅል ውስጥ ከተቀመጠ በውኃና በጨው መበጥበጥ ወይም ማሸት ብቻ ነው። ልጅም ራሱ ሊያደርገው ይችላል። እሳት እንኳ አይፈልግም።

ከማታው ነገር ሳልወጣ አንድ ልጨምር። ማታ መሸት ካለ በኋላ ቡና መጠጣት ሌሊቱን እንቅልፍ ያሳጣል። ቡና ከጠጣን ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ እንኳ ግማሹ ኃይሉ በደማችን ውስጥ ይቆያል። በሦስት ሰዓት ማታ ሦስተኛውን ሲኒ ጠጥቶ «እንቅልፍ እንቢ አለኝ» የሚል ሰው ጠላቱ ማን እንደሆነ ይወቅ። ይህን ስናገር የሚከፋችሁ እንዳላችሁ ይገባኛል። የማታ ቡና የጎረቤት ወግ ነው። እንግዲህ አሥር ሰዓት ላይ ቢጠጣስ?

አሁን ነግቷል እንበል። እሳቱ ተገልጧል፤ ውኃው ሞልቷል፤ ደብተሩ በዘንቢሉ ውስጥ ነው። ምን ተረፈን? ጥቂት ጊዜ ተረፈን። ብዙ አይደለም። ጀበና እሳት ላይ ተጥዶ እስኪፈላ የሚቆይበት ጊዜ ያህል ነው። ሌላ ጊዜ «ቡና እስኪቆላ ድረስ» ልል አስቤ ነበር። ኋላ ግን ቡናውን የምትቆላው ራሷ እናትየዋ እንደሆነች ትዝ አለኝ። ቡና የሚቆላ ሰው እጁ አያርፍም፤ ካላማሰለው ያርራል። ጀበና ግን ራሱ ይፈላል። ያቺ ጊዜ የእናንተ ትሁን።

በዚያች ጊዜ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ በሩን ክፈቱ። ብርድ ቢሆንም ክፈቱት። ጋቢያችሁን ደርቡ። ሌሊቱን የታመቀው አየርና የምድጃው ጭስ ይውጣ። ጭስ ዓይን ማስለቀስ ብቻ አይደለም ሥራው። የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፤ ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ከዚያ ወደ ደጅ ውጡ። ፀሐይ ወደምትወጣበት ፊታችሁን አዙሩና ቁሙ ወይም ቁጭ በሉ።

የጠዋት ብርሃን ለሰው አካል ትልቅ ነገር ነው። በሰውነታችን ውስጥ ሰዓት አለ። መቼ እንደምንነቃ፣ መቼ እንቅልፍ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚርበን ያዝዛል። ይህ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለመረመሩ ሦስት የአሜሪካ ሊቃውንት በመስከረም 2010 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት እንደሚሰጣቸው ተነገረ። ይህን የውስጥ ሰዓት በየቀኑ የሚያስተካክለው ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ጠዋት ብርሃን ያየ ሰው ማታ እንቅልፉ በጊዜ ይመጣል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የግድግዳውን ሰዓት እንኳ የምንቆጥረው ከፀሐይ ጋር ነው። ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ነው። ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት 1 ሰዓት እንላለን። በሌላው ዓለም ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ቀን ይቀየርበታል። በእኛ አቆጣጠር ግን ቀኑ ዓይናችን እያየ ይጀምራል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነችም በስሜን የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከንጋት ጋር የተያያዘ ልማድ በክረምትም በበጋም አይሰናከልም።

ደጅ ቁጭ እንዳላችሁ በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ። እስከ 4 ቁጠሩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ ስታወጡ እስከ 6 ቁጠሩ። መውጫው ከመግቢያው ይርዘም። አሥር ጊዜ ይህን አድርጉ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በዚህ ጊዜ የልብ ምት ረገብ ይላል። የተጨበጠ ጣት ይፈታል። መቁጠር ገና ለምትማሩም ልምምድ ነው፤ አንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይመታል ማለት ነው።

ትንፋሽ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ከአሥር እጅ ሰባት እጅ ያህል ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱን ሲወጣ የሚያለከልከው ለዚህ ነው። ተመራማሪዎች በስሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው በ1995 ዓ.ም. ውጤቱን አሳትመው ነበር። የነዋሪዎቹን ደም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ደም ብዙ የማይለይ ሆኖ አገኙት። አካላቸው ከስሱ አየር ጋር ተስማምቶ ይኖራል ማለት ነው። የደጋ ሰው ትንፋሹ ሀብቱ ነው።

ሦስተኛው ነገር ፊት መታጠብ ነው። አንድ ኩባያ ውኃ ይበቃል። ራሳችሁ ታጠቡ፤ ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርታችሁ አጥቡ። ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ ታውቁታላችሁ። የአማራ ክልል ይህ በሽታ በብዛት ከሚገኝባቸው የዓለም ቦታዎች አንዱ ነው። ከታመመ ልጅ ዓይንና አፍንጫ የሚወጣው ፈሳሽ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በሽታው ደጋግሞ የያዘው ሰው ከዓመታት በኋላ የዓይን ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይቧጥጣል። በመጨረሻ ያሳውራል። ልጆች ሁሉ በአንድ ጨርቅ ፊታቸውን አይጥረጉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ልጅን እየጎተቱ ማጠብ አለ፤ ጉልበት ላይ አስቀምጦ፣ «ዛሬ ምን ትማራለህ?» እያሉ ማጠብ አለ። ውኃው ያው ነው፤ ጊዜውም ያው ነው። ያቺ ጭላዳ የልጇን ጸጉር ስትፈትሽ የምታደርገው ይህንኑ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለሰሚ ቀላል ነው። አንድ ከባድ ነገር ግን ቀርቷል። ወንድሞቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ማታ ውኃው ይሞላ ብያለሁ። ማን ይሙላው? እናትየዋ ራሷ ማታ ደግሞ ወደ ምንጭ ከወረደች የጠዋቱን ሩጫ ወደ ማታ አዛወርነው እንጂ አልቀነስነውም። ሥራው ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ የትም ብንወስደው ያው ነው።

እስቲ ያንን ቤት እንደገና እንይ።

«አንተ፣ ዛሬ ከእርሻ ስትመለስ ውኃውን አህያዋ ላይ ጭነህ ብታመጣልኝ?» ትለዋለች።

«እኔ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ምን ይላል? ውኃ ቀዳ ይላል።»

ይስቃል። ግን ይከብደዋል። ምንጩ ዳር የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው፤ ከእሱ ጋር የሚያርሱት ወንዶችም ያዩታል። ነውር ይመስለዋል። ታዲያ አህያ ጭኖ እህል ወፍጮ ቤት መውሰድ ነውር አይደለም፤ ወደ ገበያ መሄድም ነውር አይደለም። ጀሪካን ሲጫን ነውር የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ልጅን ፊት ማጠብስ? የተነቀለ ደብተር ፈልጎ በዘንቢል መክተትስ ጉልበት ይፈልጋል? አያት ቤት ውስጥ ካሉም «እማማ፣ እባክዎ ሕፃኑን ለጥቂት ጊዜ ይያዙልኝ» ማለት ይቻላል። ትልቁ ልጅ አዛባውን ይጥረግ። ሴት ልጅ ብቻ አትጥረግ፤ እሷም ተማሪ ናት።

በእኔ በኩል የማምነው ይህንን ነው። በአንድ ቤት ጠዋት እናትየዋ ቁጭ ብላ አንድ ሲኒ ካልጠጣች ያ ቤት ረግቷል አይባልም። የቀረው ሰው ሁሉ ቢረጋ እንኳ ሩጫውን ሁሉ እሷ ተሸክማለታለች።

አሁን «ለምን ጠዋት እንዳልኩ ታገኙታላችሁ» ወዳልኩት ልመለስ።

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በአገራችን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር። ሽማግሌዎች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ሰሌዳ ፊት ተቀመጡ። በጣት አሻራ የሚፈርሙ ሰዎች ስማቸውን ጻፉ። ኢትዮጵያም በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘች። ሥራው ትልቅ ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ፊደል ከቆጠሩት መካከል መልሰው የረሱት አሉ። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። የሚነበብ ነገር አጡ፤ ለማንበብም ጊዜ አጡ። ፊደል እንደ ማረሻ ነው። ካላረሱበት ይዝጋል። ሲያርሱበት ብቻ ያብለጨልጫል።

እናንተም ማታ ላንብብ ትላላችሁ። ማታ ግን ዓይን ይደክማል፤ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ሕፃን ይመጣል፤ እንግዳ ይመጣል። በመጨረሻ መጽሐፉ ደረት ላይ ተከድኖ እንቅልፍ ይወስዳል። ጠዋት ግን ብርሃኑ በነፃ ነው። ዓይናችሁም አርፏል። ጀበናው እስኪፈላ 5 መስመር ብቻ አንብቡ። አምስት መስመር ምን ይሠራል አትበሉ። በቀን 5 መስመር በወር 150 መስመር ነው። በዓመት 1,825 መስመር ይሆናል። ይህ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው።

ምን እናንብብ? የልጃችሁን የትምህርት መጽሐፍ አንብቡ። ከጤና ጣቢያ የተሰጣችሁን ወረቀት አንብቡ። የማዳበሪያውን ከረጢት አንብቡ፤ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ጭምር። ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የዕለቱን ዳዊት ሳይደግም ወደ ሥራ የማይወጣ ሰው በሰፈራችሁ ታውቃላችሁ። ለሱብሒ ሶላት ተነሥቶ ቁርኣን የሚቀራም ታውቃላችሁ። ዓለም ከመነቃቷ በፊት ቁጭ ብሎ ማንበብ የአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ድሮ ልማዱ ፊደል ላወቁት ጥቂቶች ብቻ ነበር። አሁን እናንተም ፊደል አውቃችኋል።

ለከተማ ሰዎችም አንድ ቃል ልናገር። በደባርቅና በዳባት ከተማ ውስጥ ለምትኖሩ፣ ሱቅ ለምትከፍቱ፣ ቢሮ ለምትገቡ፣ መኪና ለምታሽከረክሩ ማለቴ ነው። እናንተ ውኃ ላትቀዱ ትችላላችሁ። እናንተን ጠዋት የሚጎትታችሁ ስልክ ነው። ዓይናችሁን ሳትገልጡ እጃችሁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ፊታችሁን ሳትታጠቡ የሩቅ አገር ጠብ ትሰማላችሁ። የማታውቁት ሰው ያናድዳችኋል። እናት በምንጭ ወረፋ እንደምትጨነቅ፣ እናንተ በመኝታችሁ ላይ ትጨነቃላችሁ። ስልኩን ማታ ከራስጌያችሁ አርቃችሁ ሌላ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። ለመንቂያ ከፈለጋችሁት ከአልጋ ተነሥታችሁ የምታጠፉበት ቦታ አድርጉት። ጀበናው ከፈላ በኋላ ክፈቱት። ዓለም እስከዚያ ድረስ ቦታዋ ላይ ትቆያለች።

ይህን ሁሉ ስናገር የማልዘነጋው ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ዘልቆ ነበር። ብዙ ሰው ሞቷል። ደባርቅ ብዙ ተፈናቃይ ተቀብላለች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ ግጭት ኖሯል። በተኩስ ድምፅ ነቅቶ የሚያውቅ ሰው ዶሮ ሲጮኽም ሊደነግጥ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው «አሥር ጊዜ ተንፍስ» ብዬ ብቻ ብተወው አላዋቂ እሆናለሁ። ትንፋሹ ይረዳል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ሌሊት ሌሊት የሚያስበረግጋችሁ፣ ያያችሁት ነገር በዓይናችሁ ላይ እየመጣ እንቅልፍ የሚነሣችሁ፣ ለሳምንታት እንዲህ የቆያችሁ እንደሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና ንገሩ። ይህ እብደት አይደለም፤ ድክመትም አይደለም። ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ጎረቤታችሁ እንዲህ ከሆነም ብቻውን አትተዉት። ጠዋት ጠርታችሁ ቡና አጠጡት። ወሬ ባያወራ እንኳ ከሰው ጋር ፀሐይ ይሙቅ።

በመጨረሻ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ልጀምር አትበሉ። ይህ የብዙ ሰው ስሕተት ነው። ሰኞ ሁሉን ይጀምራል፤ ረቡዕ ሁሉን ይተዋል። አንዱን ምረጡ። ከየቱ ልጀምር ብትሉኝ ከጀሪካኑ ጀምሩ እላለሁ። ዛሬ ማታ ጀሪካኑ ሞልቶ ይደር። ይህ ለአንድ ሳምንት ከተለመደ በኋላ ደብተሩን ጨምሩ። ከዚያ ደጅ መውጣቱን። ከዚያ አምስቱን መስመር። አንድ ቀን ቢቋረጥ፣ ሕፃን ቢታመም፣ ላም ብትወልድ፣ ለቅሶ ቢገጥም በማግሥቱ መቀጠል ነው። ልማድ በአንድ ቀን አይፈርስም።

ያች እናትስ? እስቲ ከሁለት ወር በኋላ እንያት። አሁንም ዶሮ ሲጮኽ ትነሣለች። ሥራዋ አልቀነሰም። ላሚቱ ትታለባለች፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ አንዳንድ ቀንም ወተት ይፈሳል። ግን ፍሙ አመዱ ውስጥ ነው። ውኃው ሞልቷል። ባለቤቷ ትንሹን ልጅ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፊቱን ያጥባል። እሷ ጋቢዋን ደርባ ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች። የልጇን መጽሐፍ ይዛለች። በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። አንድ ቃል ላይ ትቆማለች።

«ልጄ፣ ይህች ፊደል ማን ናት?»

«ጰ ናት፣ እማዬ።»

«ጰ!» ትላለች። ውስጥ ጀበናው መንተክተክ ጀምሯል።

በደህና ዋሉ።